ያነበብኩት ከሳምንት አያልፍም፣ ጭንቅላቴ ነው ወይስ አጠናኔ? (12ኛ ክፍል፣ ደሴ)

የሰኞ ገበያዋ

ሰላም ያ ጀማዓ፣ የወሎ ልጆች እንዴት ናችሁ። ትንሽ ይረዝማል ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ በጣም ጨንቆኛል። 12ኛ ናቹራል ነኝ፣ ደሴ። ማንበብ አላንስም፣ ወላሂ አላንስም፣ ባዮሎጂ ላይ የሴል ክፍፍሉን ምዕራፍ ብቻ ስድስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ደብተሬ በሃይላይተር ከመቅለሙ የተነሳ አሁን ጎልቶ የሚታየው ያልተሰመረበት መስመር ነው። ማታ ሳነበው ሁሉም ይገባኛል፣ እንዲያውም «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» እያልኩ ነው የምገልጠው። ባለፈው ሞዴል ፈተና ላይ ግን ጥያቄውን ሳየው ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቃላችሁ? ገጹ። በግራ በኩል ከላይ መሆኑ፣ በቢጫ የተሰመረበት መሆኑ፣ ከጎኑ የቡና ጠብታ ያረፈበት መሆኑ። የተጻፈው ነገር ግን ድራሹ የለም።

አክስቴ «ድሮ የቤተክህነት ተማሪ ትምህርት እንዲይዝለት አብሾ ይጠጣ ነበር፣ ከገጠር ላስመጣልሽ» ትለኛለች። ጓደኞቼ ጫት ቅሚና ሌሊት ቸክይ ይላሉ። ወንድሜ ደግሞ ስልኩ ነው ጭንቅላትሽን የበላው ይላል። እኔ ራሴ በተፈጥሮዬ የማስታወስ ችሎታዬ ደካማ ነው ብዬ ማመን ጀምሬያለሁ። እስኪ የሚያውቅ ካለ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሰራው? መሻሻልስ ይችላል?

መምህር ከወልዲያ

አብሽሪ እህቴ። ጭንቅላትሽ ምንም አልሆነም፣ የቡና ጠብታን ቦታ ሳይቀር የያዘ ጭንቅላት አይይዝም አይባልም። የያዘልሽ ግን አንቺ የፈለግሽውን ሳይሆን ዓይንሽ ስድስት ጊዜ የተመላለሰበትን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገበያ መሃል አንድ ሰው ሞቅ አርጎ ሰላም ይልሻል፣ ፊቱን በደንብ ታውቂዋለሽ፣ ስሙ ግን አይመጣም። ፊቱን ስታዪው መለየትና ስሙን ከውስጥ ማውጣት ሁለት የተለያዩ ስራዎች ናቸው። ደብተር ደግመሽ ስታነቢ የምትለማመጂው የመጀመሪያውን ነው፣ ገጹ ፊትሽ ስላለ «አውቀዋለሁ» የሚለው ስሜት ይመጣል፣ እውነትም ታውቂዋለሽ፣ እያየሽው እስከሆነ ድረስ። ፈተናው ግን ገጹን ደብቆ አውጪ ነው የሚልሽ። ስድስት ጊዜ ያልተለማመድሽውን ነገር ነው የተጠየቅሽው።

ይሄን ከራሴ አይደለም የማወራው። በ2006 (በፈረንጅ) ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የስነ ልቦና ሰዎች ለተማሪዎች አጭር ጽሁፍ ሰጡ። አንደኛውን ቡድን አራት ጊዜ አስነበቡት፣ ሌላውን አንድ ጊዜ ብቻ አስነብበው ወረቀቱን ቀምተው ሦስት ጊዜ የምታስታውሱትን ጻፉ አሉት። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ያነበቡት በለጡ፣ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ተገለበጠ፣ አራቴ ያነበቡት 40 በመቶ፣ አንዴ አንብበው የጻፉት 61። በጣም የሚገርመኝ ደግሞ ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሳለሁ ብለው በራሳቸው የተማመኑት ያነበቡት ነበሩ። ያ አንቺ ማታ ማታ የሚሰማሽ ስሜት ማለት ነው እንግዲህ።

መርሳቱ ራሱ በሽታ አይደለም። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 ባሳተመው ስራው ራሱን ፈትኖ አሳይቷል፣ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት እየደረደረ ይሸመድድና ከደቂቃዎች፣ ከሰዓታት፣ ከቀናት በኋላ እንደገና ለመያዝ ስንት ድካም እንደሚቀንስለት ይለካል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላዩ ይበናል፣ በነጋታው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ነው የሚቀረው፣ ከዛ በኋላ ግን መርሳቱ እየዘገየ ይሄዳል፣ በወሩም አንድ አምስተኛ ያህል አለ። ስለዚህ የሚበላሽ ነገር መጀመሪያ ላይ ነው የሚበላሸው፣ ልክ አዲስ የተተከለ ችግኝ መጀመሪያ ውሃ እንደሚፈልገው።

በተግባር ምን ታደርጊያለሽ፦ አንድ ክፍል አንብቢ፣ ግን አንዴ፣ ቀስ ብለሽ፣ እየገባሽ። ከዛ ደብተሩን ዝጊ። ባዶ ወረቀት አውጪና ያስታወስሽውን ሁሉ ጻፊ፣ ስዕሉንም ሳይቀር። ያማል፣ እነግርሻለሁ፣ መጀመሪያ ቀን ወረቀቱ ባዶ ሆኖ ትናደጃለሽ፣ ያ መናደድ ራሱ ስራው ነው። ከዛ ደብተሩን ክፈቺና የጎደለውን ብቻ በቀይ እስክሪፕቶ ሙይ። ሁሉንም እንደገና እንዳታነቢ፣ ቀዩን ብቻ። ነገ ሳታዪ እንደገና፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ። ወረቀቶቹን መከታተል ከከበደሽ የጫማ ካርቶን በሦስት ክፈይ፣ ጥያቄ በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ የመለስሽውን ወደ ቀጣዩ ክፍል አሳልፊ፣ የሳትሽውን ወደ መጀመሪያው መልሺ፣ የመጀመሪያውን በየቀኑ፣ ሁለተኛውን በየሦስት ቀኑ፣ ሦስተኛውን በሳምንት እዪ። ይሄም ላይትነር የሚባል ሰው በ1972 ያስተዋወቀው ነው፣ ካርቶኑ ግን ያንቺ ነው ሀሀ።

ሃይላይተሩን ለታናሽሽ ስጪያት ስዕል ትሳልበት።

ቦርከና

ጫቱን እኔ ልመልስልሽ እህት፣ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ዲግሪ አለኝ 😂 ካምፓስ እያለሁ ለፋይናል ሁለት ሌሊት ቅሜ ቸከልኩ። ያኔ የነበረኝን ምርቃና ብታዪው፣ ሃንድአውቱን ሳነበው ጸሐፊው ራሱ እኔ የመሰልኩኝ፣ እንዲያውም አንድ ቦታ ላይ ተሳስቷል ብዬ አርሜለት ነበር። ጠዋት ፈተና ስገባ ስሜንና አይዲዬን ጻፍኩ፣ ከዛ በኋላ ያለውን አላህ ይወቀው። ምርቃናው ሲበርድ ያጠናሁት አብሮ በረደ። መምህሩ ያለው ነገር አሁን ነው የገባኝ፣ ምርቃና ማለት «አውቀዋለሁ» የሚለውን ስሜት በኪሎ መግዛት ነው። ተይው።

ነርሷ (ኮምቦልቻ)

አብሾ ያልሽውን ሳነብ ነው ስራዬን ትቼ ልጽፍልሽ የተቀመጥኩት። እባክሽ እህቴ ለአክስትሽም አሳዪያቸው፣ እሳቸው ወደውሽ ነው ያሉት አውቃለሁ፣ ግን አብሾ ይሰራበታል የሚባለው አጠፋሪስ፣ አስተናግርም ይሉታል፣ መርዝ ነው። በየአጥሩና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው፣ ነጭ ጡሩምባ የመሰለ አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው። የወሰደ ልጅ ሲመጣ ዓይቻለሁ፣ የዓይኑ ብሌን ሙሉ በሙሉ ሰፍቶ፣ አፉ ደርቆ፣ ቆዳው ግሎ፣ አጠገቡ ከሌለ ሰው ጋር ሲከራከር። ሰው ያን ሁኔታ አይቶ «አዕምሮው ተከፈተ፣ መንፈስ አናገረው» ሊል ይችላል፣ ነገሩ ግን መቃዠት ነው።

ምፀቱ ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ በተክሉ ውስጥ ያለው ስኮፖላሚን የሚባለው ነገር አሴቲልኮሊን የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ ስራ ነው የሚዘጋው፣ አሴቲልኮሊን ደግሞ አዲስ ነገር ለመያዝ በጣም ያስፈልጋል። ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰው ላይ መርሳትን ለጊዜው ማምጣት ሲፈልጉ የሚሰጡት ይሄንኑ ስኮፖላሚን ነው። ለማስታወስ ብሎ የመርሻ መድኃኒት መጠጣት ማለት ነው።

እንዴት ነው የሚሰራው ላልሽው ትንሽ ልጨምር፣ ትምህርት ቤት ሳለሁ በጣም የነካኝ ታሪክ ስለሆነ ነው። ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል አሜሪካዊ ነበር፣ ከባድ የሚጥል በሽታ ነበረበት፣ በ1953 በ27 ዓመቱ ኦፕራሲዮን ሲያደርጉት በሁለቱም ጎን ያለውን ሂፖካምፐስ የሚባለውን ክፍል ብዙውን አወጡት። የሚጥለው ቀነሰለት፣ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አዲስ ነገር መያዝ አቆመ። ልጅነቱን ያስታውሳል፣ ቋንቋው አልጠፋም፣ አዋቂነቱ አልቀነሰም፣ ግን አሁን ያናገረችውን ሐኪም ወጥታ ስትመለስ እንደ አዲስ ይተዋወቃታል። በ2008 እስኪሞት ድረስ እንዲያው ኖረ። ብሬንዳ ሚልነር የምትባል ካናዳ ያለች ተመራማሪ በመስተዋት እያየ ኮከብ እንዲስል አለማመደችው፣ በየቀኑ እጁ እየተሻሻለ ሄደ፣ ሲጠየቅ ግን ይሄን ነገር በህይወቴ አድርጌው አላውቅም ይላል። ከዛ ነው ማስታወስ አንድ ዕቃ አይደለም የተባለው፣ የእጅ ልማድ ሌላ ቦታ፣ የነገር ትዝታ ሌላ ቦታ፣ እና አዲስ የገባውን የነገር ትዝታ ለማስቀመጥ ያ ሂፖካምፐስ የግድ እንደሚያስፈልግ።

ይሄ ክፍል ደግሞ ስትተኚም ትልቅ ስራ ይሰራል። ቀን የገባውን በእንቅልፍ ውስጥ እየደጋገመ ያጸናዋል። በ1924 ሁለት ተማሪዎች ላይ ብቻ ተሞክሮ ነው ነገሩ የተጀመረው (ሁለት ብቻ! ዛሬ ቢሆን ማንም አይሰማቸውም ነበር)፣ አጥንተው ሲተኙና አጥንተው ነቅተው ሲቆዩ እኩል ሰዓት ውስጥ የተኙት ብዙ ያስታውሳሉ። ከዛ ወዲህ ብዙ ጥናት ደግፎታል። ስለዚህ ሌሊት መቸከል ያልሽው፣ በጫትም ይሁን በቡና፣ እህል ሰብስቦ ጎተራውን ማፍረስ ነው። ቡናም ከሰዓት በኋላ ቀነስ አርጊው፣ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ በወሎ ቤት ከባድ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ።

ደረሳው

አሰላሙ ዐለይኩም። መምህሩ ያሉትን ሳነብ ፈገግ አልኩ፣ እኛ ቁርአን ቤት በ7 ዓመታችን ያደረግነው እኮ ነው፣ ማንም ፈረንጅ ሳይነግረን። ሉህ ታውቃላችሁ አይደል፣ የእንጨት ሰሌዳው። ከጥላሸት በተሰራ ቀለም የዛሬውን ትጽፍበታለህ፣ ትይዘዋለህ፣ ከዛ ሸሆቹ ፊት ትቀመጥና ሉሁን ወደ እሳቸው አዙረህ ሳታይ በቃልህ ትላለህ። ካልያዝክ ሉህህ አይታጠብም። ከያዝክ ታጥበዋለህ፣ ቀለሙ ይወርዳል፣ ከዚያ ወዲያ ደብተር የለህ፣ ያለህ ደረትህ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ ያ ቀለም ውሃው ላይ ሲሟሟ እያየሁ የምደነግጠው ነገር እስካሁን አለ።

ከዛ ደግሞ ሙራጃዓ አለ፣ የያዝከውን መከለስ ማለት ነው። አዲሱን ብቻ ይዘህ መሄድ የለም፣ የዛሬው፣ የሰሞኑ፣ የድሮው፣ ሦስቱም በየቀኑ ድርሻ አላቸው። 30ውን ጁዝ ጨርሶ ሀፊዝ የሆነ ሰው እንኳ ሙራጃዓ ካቆመ ይሄድበታል።

ሌላ ልጨምርልሽ፣ እህትዋ፣ ይሄን የተናገረ ስለሌለ። ከባዱ ነገር መርሳት ሳይሆን መደባለቅ ነው። ቁርአን ላይ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ አያዎች አሉ፣ ሙተሻቢህ እንላቸዋለን፣ አንዱ ሱራ ላይ ሆነህ አንዲት ቃል ስትቀየርብህ ሳታውቀው ሌላ ሱራ ውስጥ ገብተህ ትገኛለህ፣ ሱረቱ ረህማን ላይ አንዱ አያ 31 ጊዜ ይመላለሳል፣ ስንተኛው ላይ እንዳለህ ከጠፋህ አለቀልህ። ሸሆቹ እንዲህ ሲሆን የሚመሳሰሉትን ለየብቻ ሳይሆን ጎን ለጎን አስቀምጠው የምትለያቸውን ቃል በጣት ያስነኩን ነበር። ያንቺም ባዮሎጂ ላይ ማይቶሲስና ሚዮሲስ የሚሏቸው ሁለቱ የሴል ክፍፍሎች እንደዛ አይደሉም? አንዱን ዛሬ ሌላውን ነገ ከማንበብ በአንድ ወረቀት ጎን ለጎን አርገሽ የሚለያዩበትን ብቻ ፈልጊ።

የቀድሞ ቆሎ ተማሪ

ደረሳው ወንድሜ ዋ ብለህ ብቻህን እንዳትወስደው 😄 የኔታ ቤትም ያው ነው። ቀን የነገሩህን ማታ ትቀጽላለህ፣ የቃል ትምህርቱ ደግሞ ከነጭራሹ ጨለማ ላይ ነው፣ መብራት የለ፣ መጽሐፍ ቢኖርህም አታየው፣ ከአንተ የሚቀድመው ተማሪ ይላል አንተ ትከተላለህ፣ ከዛ ብቻህን በል ትባላለህ። ስትሳሳት ከጨለማው ውስጥ ሳል ትሰማለህ፣ የኔታ ተኝተው አይደለም። ውዳሴ ማርያም እንዴት እንደተያዘልኝ ሳስብ ራሱ የሰባት ቀን ስለሆነ ነው፣ የሰኞው ለሰኞ፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ፣ ልትረሳው ስትል ቀኑ ይመጣና ያስነሳዋል። መምህር ከሳምንት በኋላ ድገሚው ያሉትን ማለት ነው።

አብሾውን በተመለከተ ነርሷ ያሉት ልክ ነው። እኛም ዘንድ «እገሌ አብሾ ጠጥቶ ነው» ይባል ነበር ስለ ጎበዝ ሁሉ። ጎበዙ ልጅ ግን ምን ያደርግ እንደነበር አይቻለሁ፣ ቁራሽ ሲለምን በየደጁ መሃል መንገድ ላይ ሁሉ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

ኢንጂነሩ

ይቅርታ አርጉልኝ ግን እዚህ ያላችሁት ሁሉ ሽምደዳ እያወደሳችሁ ነው። የሀገራችን ትምህርት የገደለው ሽምደዳ እኮ ነው። ልጅቷ መረዳት ነው ያለባት፣ ከተረዳች መሸምደድ አያስፈልጋትም፣ ፎርሙላን ከመሰረቱ ማውጣት የሚችል ሰው ምን ያስሸመድደዋል። ጎግል ባለበት ዘመን ጭንቅላትን መጋዘን ማድረግ ምን ይረባል?

መምህር ከወልዲያ

ኢንጂነሩ፣ ግማሹን እስማማለሁ፣ ሌላውን ግማሽ ግን አልለቅልህም። ሳይገባ የተያዘ ነገር ቶሎ ይበናል፣ ኤቢንግሃውስም ሆን ብሎ ትርጉም የሌለው ነገር የመረጠው ቀድሞ የሚያውቀው ነገር እንዳያግዘው ነው። ግን መረዳትና መያዝ ጠላት አይደሉም። ሰው በአንድ ጊዜ አእምሮው ላይ ይዞ ሊያገላብጠው የሚችለው ጥቂት ነገር ነው፣ ሚለር በ1956 ሰባት ገደማ አለ፣ በኋላ የመጡት ደግሞ እሱም በዝቷል ወደ አራት ነው ይላሉ። አራት ቦታ ብቻ ያላት ጠረጴዛ ናት። እንግዲህ «ክሮሞሶም» የሚለው ራሱ አንዱን ቦታ፣ «ሴንትሮመር» ምን ነበር እያልክ ሌላውን ከያዘብህ ለማሰብ ምን ቦታ ቀረህ? በቃልህ የያዝከው ነገር ግን ተጠቅልሎ እንደ አንድ ነው የሚቀመጠው። ስልክ ቁጥርህን አስር አሃዝ አርገህ አትይዘውም፣ በሦስት በሦስት ጠቅልለህ ነው። ቼዝ ላይ ተሞክሯል በ1973፣ ጎበዝ ተጫዋች የእውነተኛ ጨዋታ ሰሌዳ አምስት ሰከንድ አሳይተኸው ብዙውን መልሶ ይደረድረዋል፣ ጠጠሮቹን ዝም ብለህ በትነህ ብታሳየው ግን ከጀማሪው ብዙም አይሻልም። ትዝታው ተፈጥሮ አይደለም ማለት ነው፣ ቀድሞ የያዘው ነው አዲሱን የሚይዝለት።

ጎግሉን ደግሞ ፈተና አዳራሹ በር ላይ ይቀበሉሃል።

አንድ ነገር ረስቼ፣ እህቴ፣ 12ኛ ፈተና ራስሽ ትምህርት ቤት ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄደሽ ልትፈተኚ ትችያለሽ። ሁልጊዜ አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮት ስር ብቻ አትለማመጂ። ትዝታ ከተያዘበት ቦታ ጋር ትንሽ ይጣበቃል፣ በ1975 ስኮትላንድ ውስጥ ጠላቂዎችን ውሃ ውስጥና ደረቅ መሬት ላይ ቃላት አስይዘው ሞክረውታል፣ የያዙት ቦታ ላይ ሲጠየቁ ይሻላቸው ነበር። ውጤቱ ሁሌም ያን ያህል ትልቅ አይደለም፣ ግን አንዳንዴ ውጪ፣ አንዳንዴ ላይብረሪ፣ አንዳንዴ ጓደኛሽ ቤት መለማመዱ ገንዘብ አያስወጣም።

ነርሷ (ኮምቦልቻ)

ስለ ስልኩ ወንድሟ ያላትን ማንም አልመለሰላትም። ስልኩ ጭንቅላት አይበላም፣ ትኩረት ነው የሚበላው። ያላስተዋልሽው ነገር መጀመሪያም አልገባም፣ ያልገባ ነገር ደግሞ ተረሳ አይባልም። ስታጠኚ ሌላ ክፍል አስቀምጪው፣ ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ ማስቀመጥ አይቆጠርም፣ እኔ ራሴ በዚህ ነው ራሴን የማታልለው።

የሰኞ ገበያዋ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የተመለስኩት፣ ይቅርታ፣ መጀመሪያ ሞክሬው ልጻፍ ብዬ ነው።

የመጀመሪያ ቀን የሴል ክፍፍሉን ደብተር ዘግቼ ባዶ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ስድስት ጊዜ ያነበብኩት ምዕራፍ፣ 9 መስመር ነው የጻፍኩት። 9። ከነሱም ሁለቱ ስህተት ነበሩ። አለቀስኩ እውነቱን ለመናገር። መምህር ያማል ስላሉኝ ነው እንጂ ወደ ሃይላይተሬ ተመልሼ ነበር።

ከዛ እናቴ ምን ሆንሽ አለችኝ፣ ቡና እየቆላች ነበር፣ ነገርኳት። እስኪ ለኔ ንገሪኝ አለች። አንቺ ምን ይገባሻል ልል ፈልጌ ዋጥኩት። እና አቦሉ እስኪወርድ ነገርኳት፣ አራቱ ደረጃዎች ተምታቱብኝ፣ የቱ ቀድሞ የቱ እንደሚከተል ማለት ነው። ቆይ አለችና፣ «የመጀመሪያው ምንድን ነው የሚሆነው?» ክሩ ይጠቀለላል አልኳት፣ ረጅሙ ቀጭኑ ክር ይወፍርና ይታያል። «ልቃቂት ነዋ» አለች። በሩ ላይ የተንጠለጠለውን የጥጥ ልቃቂት እያሳየችኝ። በቃ ፕሮፌዝ በሩ ላይ ተቀመጠ። ሁለተኛው መሃል ላይ ይሰለፋሉ አልኳት፣ ረከቦቱ ላይ የተደረደሩትን ሲኒዎች አየቻቸው፣ እኔም አየኋቸው፣ ሜታፌዝ ረከቦት ላይ። ሦስተኛው ሲጓተቱ፣ ታናናሾቼ አልጋው ላይ አንዱን ጋቢ አንዱ ከዚህ አንዱ ከዚያ እየጎተቱ ነበር ደግሞ እግር ጥሎት፣ አናፌዝ። አራተኛው ለሁለት ተከፍሎ ለየብቻ ሲሆን፣ ጓዳ ውስጥ ለሁለት የተከፈለው ሊጥ፣ ቴሎፌዝ። አሁን ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ ከበር ተነስቼ ጓዳ ድረስ በሃሳቤ ሄጄ ነው የምመልሰው።

አቦል ላይ ነገርኳት፣ ቶና ላይ እንደገና ከመጀመሪያው በይ አለችኝ፣ በረካ ላይ ደግሞ እንደገና። በነጋታው ቡና ሲቀርብ እሷ ናት የጠየቀችኝ። አሁን ልማድ ሆኗል፣ ጎረቤቶች ሁሉ ሲመጡ ያዳምጣሉ፣ አንዷ እትዬ «ይሄ ሚዮሲስ የሚባለው የማን ልጅ ነው» ብለው አስቀውናል።

ደረሳው የማይቶሲስና የሚዮሲስ ጎን ለጎን ያልከኝን ሰርቼዋለሁ፣ ከሁሉም እሱ ነው ያዳነኝ፣ ባለፈው ሁሌ የምሳሳተው እዛ ነበርና። ከአምስት ሰዓት በፊት እተኛለሁ። ለአክስቴ የነርሷን ጽሁፍ አነበብኩላት፣ «እኔ እኮ ሰምቼ ነው» ብላ ዝም አለች። ትናንት ክላስ ላይ ድንገተኛ ኩዊዝ ነበር፣ ከ20 14 ነው ያመጣሁት፣ ብዙ አይደለም አውቃለሁ፣ ግን ባለፈው 6 ነበርኩ።

ፊዚክሱ ላይ ግን ይሄ ዘዴ አልሰራልኝም፣ ፎርሙላውን በቃሌ እጽፈዋለሁ፣ ጥያቄው ሲመጣ የትኛውን እንደምጠቀም አላውቅም። ለዛ ምን ላርግ?

ኢንጂነሩ

ለዛ እኔ አለሁ። ፎርሙላ ብቻ ሳይሆን ጥያቄዎችን ደባልቀሽ ስሪ፣ የአንዱን ምዕራፍ ጨርሰሽ የሌላውን ሳይሆን ከሦስቱ ምዕራፍ አንድ አንድ እየቀላቀልሽ፣ መልሱን ከመጀመርሽ በፊት «ይሄ የየትኛው ነው» ብለሽ ለይ። ምዕራፉ ከላይ ተጽፎ ሲኖር መምረጡን እሱ ነው የሚመርጥልሽ። የሳትሽባቸውን አምስት ጥያቄዎች እዚህ ጻፊያቸው፣ ነገ ማታ አብረን እናያለን።

ቦርከና

እኔም አለሁ፣ ግን መጀመሪያ እናትሽ ጋ ቡና ጀባ በሉኝ። ፕሮፌዝ ሜታፌዝ... በሩ፣ ረከቦቱ፣ ጋቢው፣ ሊጡ። ያው ሳላጠናው ያዝኩት!

የሰኞ ገበያዋ

ጀባ! ና በል። ግን እማዬ ዛሬ አናፌዝን ከኔ ቀድማ ብላዋለች፣ እንዳትፈትንህ ተጠንቀቅ።